ከወጪው በታች የተሸጠው ሮቦት

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1963 የጃፓን ልጆች አቶም የተባለ ሮቦት ልጅ በቴሌቪዥን ሲበር አዩ። ፈጣሪው ኦሳሙ ቴዙካ በሕክምና ተመርቆ ልቡን ለሥዕል የሰጠ ሰው ነበር። በ1961 ቶኪዮ ውስጥ ሙሺ ፕሮዳክሽን የተባለውን ስቱዲዮ ሲያቋቁም፣ የግማሽ ሰዓት አኒሜሽን በየሳምንቱ ማድረስ የማይሞከር ይመስል ነበር።

ባለሙያዎቹ መላ ዘየዱ። የሥዕሎቹን ብዛት ቀነሱ፤ ፊቱ ሳይነቃነቅ አፉ ብቻ እንዲናገር አደረጉ፤ አንዴ የተሳለውን እያስቀመጡ ደጋግመው ተጠቀሙበት። ድንቅ ብልሃት ነው! ተከታታዩ 193 ክፍል ዘለቀ፤ አሜሪካም ተሻገረ።

ዋጋው ግን ከጅምሩ ተዛብቷል።

ቴዙካ ሥራውን ለቴሌቪዥን ጣቢያው የሸጠው ከወጪው በታች ነው፤ ጉድለቱን በአሻንጉሊትና በሌሎች ሸቀጦች ገቢ ሊሞላ አስቦ። ድፍረቱ ቢያስከብረውም፣ እንቅልፍ አጥተው ያን ሸክም የተሸከሙት ሠዓሊዎች ሊዘነጉ አይገባም። በ1971 ቴዙካ የሙሺን ኃላፊነት ለቀቀ። በ1973 ለአዋቂዎች የተሠራው «ቤላዶና» የተሰኘ ፊልም ገበያ አልቀናውም፤ በዚያው ዓመት ሙሺ ከሰረ።

ከሙሺ የወጡ ባለሙያዎች ግን አስቀድመው፣ በ1972፣ ማድሃውስና ሰንራይዝ የተባሉ ስቱዲዮዎችን መሥርተው ነበር። በ1979 የሰንራይዝን ተከታታይ «ጋንዳም» ያዘጋጀው ዮሺዩኪ ቶሚኖም የሙያውን ሀሁ የቆጠረው በሙሺ ነው።