ማኅበር ሲፈርስ ኪራዩ ምን ይሆናል? የአከራይና የተከራይ መብት በሒሳብ ማጣራት ጊዜ



በአንድ ምሳሌ ልጀምር። አንድ የአክሲዮን ማኅበር በባሕር ዳር፣ በጣና ዳርቻ፣ ከከተማው አስተዳደር በሊዝ በያዘው ቦታ ላይ ሆቴል ሠርቷል እንበል። ከምድር ቤቱ አንዱን ክፍል ለመድኃኒት መደብር ለስምንት ዓመት አከራይቷል። ከጊዜ በኋላ ዕዳውን መክፈል ተሳነው። በዚህ ሕንፃ ማኅበሩ ለከተማው ተከራይ፣ ለመድኃኒት መደብሩ ደግሞ አከራይ ነው። ሲፈርስ ሁለቱም ውሎች በአንድ ጊዜ አጠያያቂ ይሆናሉ።

በቅድሚያ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ማኅበር ፈረሰ ማለት ሕልውናው በዚያው ቀን አከተመ ማለት አይደለም። ሒሳቡ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ የሕግ ሰውነቱ ለዚሁ ተግባር ይቀጥላል። ስለሆነም ሒሳብ አጣሪው ንብረቱን ብቻ ሳይሆን የውል ግዴታውንም ይረከባል። ዕዳውን መክፈል ካልተቻለ ግን ጉዳዩ በ2013 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243፣ ሦስተኛ መጽሐፍ ወደሚገዛው የክስረት ሥርዓት ይሸጋገራል።

እዚህ ላይ ጊዜን ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። ከክስረቱ ውሳኔ በፊት የተጠራቀመ ኪራይ ዕዳ ነው፤ አከራዩም እንደሌሎቹ ገንዘብ ጠያቂዎች ጥያቄውን አስመዝግቦ ተራውን ይጠብቃል። ከውሳኔው በኋላ ንብረት ጠባቂው ቤቱን ለሥርዓቱ ጥቅም ከተገለገለበት ግን ኪራዩ የሥርዓቱ ወጪ ሊሆን ይገባል። አለዚያ የሌሎችን ዕዳ የሚከፍለው አከራዩ ይሆናል።

ወደ መድኃኒት መደብሩ እንመለስ። ሕንፃው በሐራጅ ቢሸጥ ገዢው ውሉን ያከብራል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአምስት ዓመት በላይ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይ ካልተመዘገበ በሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ እንደማይሆን ይደነግጋል። መደርደሪያ ያሠራውና ደንበኛ ያፈራው ባለመደብር ዕጣ የሚወሰነው ውሉን በማስመዝገቡ ነው። ኪራዩን በወቅቱ መክፈሉ ብቻውን አያድነውም።

የከተማው ነገር ከዚህ ይከብዳል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ የሚሸጠው ሕንፃውና የሊዝ መብቱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለንግድ የተሰጠ ቦታ የሊዝ ዘመን እስከ 70 ዓመት ይደርሳል። ይህ ረጅም ዘመን ራሱ ሀብት ነው። ይሁንና መብቱን በዋስትና ማስያዝ የሚቻለው በተከፈለው የሊዝ ገንዘብ መጠን ብቻ ነው። በዚያ ላይ አዋጁ የሦስት ዓመት ውዝፍ ሲጠራቀም አስተዳደሩ የባለዕዳውን ንብረት ይዞ እንዲሸጥ ሥልጣን ይሰጠዋል።

ሁለት ሕጎች የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው። የክስረት ሕግ እያንዳንዱ ገንዘብ ጠያቂ በተናጠል የሚያደርገውን ሩጫ ያስቆማል፤ የሊዝ አዋጁ ደግሞ አንዱን ጠያቂ በራሱ እጅ እንዲያስፈጽም ይፈቅድለታል። በእኔ እምነት አስተዳደሩ ሁለት ካባ ለብሷል፤ የመሬት ጠባቂም ነው፣ ገንዘብ ጠያቂም ነው። በመሬት ጠባቂነቱ የቦታውን አጠቃቀም ይቆጣጠር፤ ማንም ሊከለክለው አይገባም። ውዝፉን ሲጠይቅ ግን ከሌሎች ጋር ሊሰለፍ ይገባል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛው ክፍያ ቅድሚያ የተሰጠው በከንቱ አይደለም። ቦታው አስቀድሞ በአስተዳደሩ እጅ ከተሸጠ ይህ ቅድሚያ የወረቀት ላይ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ዳኛ፣ ጠበቃ ወይም ንብረት ጠባቂ ትሆናላችሁ። የኪራይ ውል በእጃችሁ ሲገባ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዘመኑ ስንት ነው? ተመዝግቧል? ውዝፉ ከውሳኔው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሕንፃው በዘጠና ቀን ተሸጦ ሊያልቅ ይችላል፤ የሊዝ ዘመኑ ግን ገና አሥርተ ዓመታት ይቀሩታል። እነዚያን ዓመታት በችኮላ የሚያባክን ሰው የከሰረውን ማኅበር ብቻ ሳይሆን ከእርሱ የሚጠብቁትን ሁሉ ያከስራል።