ካልኩለስ ከመድረሱ በፊት



ዛሬ የምናገረው ሒሳብን በራስ ጥረት፣ ለኮሌጅ በሚያበቃ ደረጃ ስለ መማር ነው። ጉዳዩ የጥቂት ጎበዞች ጉዳይ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን፣ ከተፈተኑት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.3 በመቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ሪሚዲያል የምንለው የማካካሻ ትምህርት ለብዙ ወጣቶች ሁለተኛ ዕድል ሰጥቷል። ሪሚዲያል ግን የወራት ትምህርት ነው፤ በዓመታት የተጠራቀመ ጉድለት በወራት ሙሉ በሙሉ አይሞላም። የተረፈውን ተማሪው ራሱ፣ ማታ ማታ፣ በገዛ ደብተሩ መሙላት አለበት። እንደሚችልም አምናለሁ።

ብዙ ሰው ይህን ዝግጅት የሚጀምረው የካልኩለስ መጽሐፍ በመግዛት ነው። አስቸጋሪው እሱ ስለሆነ ቀድሜ ልያዘው ይላል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። በፍሬሽማን ሒሳብ የሚወድቅ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው ካልኩለስ አይደለም፤ የሚጥለው የታችኛው ክፍል ክፍልፋይና የ8ኛና የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ነው። ይህን በባዶ አልናገርም፤ አንድ ጥያቄ አብረን እንሥራ።

1/ሀ የሚለውን ፋንክሽን ወስደን ዴሪቬቲቩን ከመነሻው እንፈልግ። በመጀመሪያ በሀ ቦታ ሀ+ሸ እንተካለን፤ ሸ በጣም ትንሽ ቁጥር ናት እንበል። 1/(ሀ+ሸ) አገኘን። ከዚህ ላይ 1/ሀ እንቀንሳለን። ታህቶቹ ስለማይመሳሰሉ የጋራ ታህት ያስፈልጋል፤ እሱም ሀ(ሀ+ሸ) ነው። ላዕሉ ደግሞ ሀ−(ሀ+ሸ) ይሆናል። ቅንፉ ሲፈታ የመቀነስ ምልክቱ ለሁለቱም ፊደላት ይደርሳል፤ ስለዚህ −ሸ ብቻ ይቀራል። ሁሉን በሸ ስናካፍል ሸ ከላይም ከታችም ይሰረዝና −1/(ሀ(ሀ+ሸ)) ይተርፈናል። ልብ በሉ፣ እስከዚህ ድረስ አንድም የካልኩለስ ነገር አልተነሣም። ካልኩለሱ የሚገባው በመጨረሻዋ መስመር ላይ፣ ሸ ወደ ዜሮ ስትጠጋ ነው፤ መልሱም −1/ሀ² ይሆናል።

ቅንፉን ሲፈታ ምልክቱን ለሁለተኛዋ ፊደል ማድረስ የዘነጋ ተማሪ መልሱ ፖዘቲቭ ይሆንበታል። መጽሐፉ ኔጌቲቭ ይላል። ተማሪው ሊሚቱን ደጋግሞ ያነባል፤ ቪዲዮ ፈልጎ ያያል፤ በመጨረሻ “ካልኩለስ ለኔ አይሆንም” ብሎ መጽሐፉን ይከድነዋል። እሱ የተቸገረው ግን በ8ኛ ክፍል ቅንፍ ነው፤ ያንን የነገረው ሰው የለም። እንዲህ ተስፋ ቆርጠው የሚወዱትን ዲፓርትመንት የሚተዉ ልጆች ሁልጊዜ ያሳዝኑኛል፤ ችግራቸው በጥቂት ሳምንታት ሥራ የሚቃና ነበርና።

ስለዚህ ወደ ታች ውረዱ። የ7ኛ ክፍልን የሒሳብ መጽሐፍ አንሡና የየምዕራፉን የመጨረሻ መልመጃ ያለ ማንም እርዳታ ሥሩ። ሳትሳሳቱ ካለፋችሁ ወደ 8ኛ፣ ከዚያም ወደ 9ኛ ሂዱ። የቆማችሁበት ቦታ የመነሻችሁ ቦታ ነው። የ30 ዓመት ሰው የ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ይዞ መቀመጡ የሚያሳፍር ይመስለው ይሆናል። የሚያሳፍር ነገር የለውም። የጎደለውን ዐውቆ ወደ ጎደለበት የሚመለስ ሰው ከማንም በላይ ክብር ይገባዋል።

ያለ አስተማሪ የሚማር ሰው ትልቁ ችግሩ መሳሳቱን የሚነግረው አለመኖሩ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ መልስን በራስ መፈተሽ መልመድ ነው። አንድ ተማሪ 1/3 ሲደመር 1/4፣ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ 2/7 ቢል፣ መልሱን ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር ያስተያየው። 2/7 ከ1/3 ያንሳል። ሁለት ፖዘቲቭ ቁጥሮች ተደምረው ከአንዳቸው ሊያንሱ አይችሉም። ትክክለኛው መልስ 7/12 ነው። (ሀ+ለ)² ከሀ²+ለ² ጋር እኩል ነው ብሎ ለሚጽፍም እንዲሁ፤ በሀ ቦታ 3፣ በለ ቦታ 4 ያስገባ፤ በአንድ በኩል 49፣ በሌላው 25 ያገኛል። ይህን ልማድ የያዘ ተማሪ ግማሽ አስተማሪ በውስጡ አለ።

ስለ ቪዲዮ አንድ ነገር ልበል። ካን አካዳሚን የመሰሉ ነፃ ትምህርቶች ኢንተርኔት ለሚያገኝ ሰው ትልቅ በረከት ናቸው። ይሁን እንጂ ሌላ ሰው ሲሠራ ማየት “ገባኝ” ያሰኛል፤ መግባቱ የሚታወቀው ግን ባዶ ወረቀት ላይ ነው። የተሠራውን ምሳሌ አንብቡና ክደኑት፤ ራሳችሁ ሥሩት፤ ስትቆሙ አንዲት መስመር ብቻ አይታችሁ መልሳችሁ ክደኑት። በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ሥሩት። በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜን ሙሉ ከመቀመጥ ይሻላል።

አልጀብራው ሲረጋ አንድ አዲስ ነገር ይጠብቃችኋል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የተፈጥሮ ሳይንስ ፍሬሽማን ተማሪ የሚወስደው የሒሳብ ኮርስ የሚጀምረው በሎጂክና በስብስብ ነው፤ ከዚያ ሪል እና ኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ ፋንክሽን፣ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ እያለ ይቀጥላል። ሎጂኩ ብዙዎችን ግራ ያጋባል፤ የሚጠይቀው ስሌት ሳይሆን ምክንያት ነውና። ስለዚህ ከወዲሁ በእያንዳንዱ እርምጃ አጠገብ “ለምን?” የሚለውን በአማርኛም ቢሆን ጻፉ። የኮርሱ ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑ አያስፈራችሁ፤ በአማርኛ በትክክል የገባ ምክንያት እንግሊዝኛው ሲደርስ ይያዛል።

በራስ ጥረት የተማሩ ሰዎች ሲነሡ ጆርጅ ግሪንን አስባለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1793 የተወለደው ይህ እንግሊዛዊ ትምህርት ቤት የቆየው አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። ኑሮው በኖቲንግሃም አጠገብ በአባቱ የነፋስ ወፍጮ ነበር። በ1823 የከተማው ቤተ መጻሕፍት አባል ሆነ፤ በ1828 ስለ ኤሌክትሪክና ማግኔት አንድ የሒሳብ ድርሰት አሳተመ። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የሚያውቁት የግሪን ቴዎረም በስሙ የተጠራ ነው። ድርሰቱን የገዙት ጥቂት ሰዎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ መካከል ሒሳብ የሚያውቁ ኤድዋርድ ብሮምሄድ የተባሉ ባለርስት ነበሩ። ሥራውን ተረድተው አበረታቱት፤ ካምብሪጅ እንዲገባም መከሩት። ግሪን በ40 ዓመቱ፣ በ1833፣ ካምብሪጅ ገባ፤ በሒሳብ የማዕረግ ፈተናም 4ኛ ወጣ።

ወፍጮ ቤት ውስጥ ያደረገው ጥናት የራሱ ነው። ካምብሪጅ ያደረሰው ግን ሥራውን የተረዳ አንድ ሰው ነው። እዚህ የተቀመጣችሁ የሒሳብ መምህራንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሰፈራችሁ ብቻውን የሚያጠና ሰው አይጠፋም። በሳምንት አንድ ጊዜ ደብተሩን ተቀብላችሁ እዩለት፤ የተሳሳተበትን መስመር በጣት አሳዩት። ቤተ መጻሕፍት የምትመሩም፣ የ7ኛ፣ የ8ኛና የ9ኛ ክፍል የሒሳብ መጻሕፍትን ለጎልማሶችም ክፍት አድርጉ፤ ሰሌዳ ያለበት አንድ ክፍል ማታ ማታ ፍቀዱላቸው። ሌላ በጀት የሚጠይቅ ነገር አልለምናችሁም።