የነዳጅ ጀሪካንና ዝገት በጎጃም መንገድ



ዛሬ የምናገረው በላንድሮቨር ፖርቶመጋላ ላይ ወይም ከአይፋ ጋቢና ጀርባ ታስሮ ስለሚጓዘው የብረት ጀሪካን ነው። ማደያ በየከተማው ባልነበረበት ዘመን ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ሞጣ የሚገባ መኪና የመመለሻውን ነዳጅ ይዞ መውጣት ነበረበት። መንገዱ ፒስታ፣ ክረምቱ ከጮቄ የሚወርድ ዝናብና ጭቃ ነው። ጀሪካኑ ካፈሰሰ ወይም ዝገቱ ፊልትሮ ከደፈነ የሞተሩ ጉልበት ምንም አይፈይድም። ስለ መኪኖቹ ብዙ ተጽፏል፤ ነዳጁን ስለተሸከመው ዕቃና ዕቃውን ስለጠበቁት ረዳቶች የተጻፈው ግን በጣም ጥቂት ነው፤ ይህ ይቆጨኛል።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ዳግማዊ ምኒልክም ሲሳፈሩበት፣ ዓለም ነዳጁንና ላምባውን የሚያጓጉዘው በጣኒካ ነበር። ጣኒካ 18 ሊትር ገደማ የሚይዝ ባለ አራት ማዕዘን ዕቃ ነው፤ ሁለት ሁለቱ በአንድ የእንጨት ሣጥን ታሽጎ ይጫናል። ላምባው ካለቀ በኋላ እህል መስፈሪያና ውኃ መቅጃ ሆኖ በየቤቱ መቅረቱን ታላላቆቻችን ያውቁታል። ለመንገድ ግን አልተፈጠረም። ላሜራው ስስ ነው፤ መገጣጠሚያው በእርሳስና በቆርቆሮ ቅልጥ የተያያዘ ስለሆነ መኪና ሲያንገጫግጨው ይሰነጠቃል። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ከላይ የተለበጠው የቆርቆሮ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ አንዴ ከተጫረ ግን የተጋለጠው ብረት ሽፋን ከሌለው ብረት ይልቅ ፈጥኖ ይዝጋል። ሁለቱ ብረቶች ርጥበት ሲያገናኛቸው ቆርቆሮው ራሱን አድኖ ብረቱን ለዝገት አሳልፎ ይሰጠዋል።

የጣኒካው ድክመት ጎልቶ የታየው በጦርነት ጊዜ ነው። በጥር 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው በኦሜድላ በኩል አገራቸው ገቡ። በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዲዮን ጦርና አርበኞቹ ቡሬንና ደምበጫን አልፈው፣ በአማኑኤል ከተማ መስመር፣ በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ደረሱ። ስንቃቸውን የተሸከሙት ግመሎች ነበሩ፤ ከእነሱም አብዛኞቹ በየመንገዱ አለቁ። በዚያው ወቅት የእንግሊዝ ጦር በሰሜን አፍሪካ በረሃ ቤንዚኑን የሚያጓጉዘው በዚሁ በስስ ጣኒካ ነበር፤ ከሚጫነው ነዳጅ ሲሶ ያህሉ በመንገድ ፈስሶ የሚቀርበት ጊዜ እንደነበር ተጽፏል። ወታደሮቹ ከጀርመኖች የማረኩትን ጀሪካን እንደ ወርቅ ይዘው የራሳቸውን የጣሉት ለዚህ ነው።

የጀርመኑ ጀሪካን የተነደፈው እ.ኤ.አ. በ1937 ሲሆን ነዳፊው ሽቬልም ከተማ ባለው የሙለር ፋብሪካ የሚሠራው መሐንዲስ ቪንሴንዝ ግሩንፎግል ነው። አንዱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሁለት የተጠፈጠፉ ግማሾች መሐል ለመሐል ተበይደዋል፤ የብየዳው መስመር ወደ ውስጥ ስለገባ ከጎኑ ካለ ብረት ጋር አይፋተግም። በጎኑ ያለው የመስቀል ቅርጽ ጉድጓድ ሙቀት ሲመጣ ላሜራው እንዲለጠጥ፣ ምት ሲመጣም እንዲጠነክር ያደርገዋል። ሦስት እጀታ ስላለው አንድ ሰው ባዶውን በአንድ እጁ ሁለት ይይዛል፤ ሙሉውን ሁለት ሰው ይቀባበለዋል። 20 ሊትር ሲሞላ ከእጀታው ሥር አየር ይቀራል፤ ስለዚህ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ውስጡ ዝገት በሚከላከል ሽፋን ተለብጧል። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ሽፋን ነው፤ ግሩንፎግል ማንም ዐይን ለማያየው ቦታ ተጨንቋል።

የዚህ አሠራር ምስጢር ከጀርመን የወጣው በረጅም ጉዞ መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 በርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ መሐንዲስ ፖል ፕላይስ ከአንድ ጀርመናዊ ጋር በመኪና ወደ ህንድ ተነሣ። ለውኃ መያዣ የሚሆን ዕቃ ሲያጡ ጀርመናዊው ከአውሮፕላን ማረፊያ መጋዘን ሦስት ጀሪካን አመጣ፤ የአሠራሩንም ዝርዝር ነገረው። መረጃው የደረሳቸው አሜሪካኖች ግን ሲቀዱት ብየዳውን በታጠፈ ስፌት፣ መክፈቻውን ቁልፍ በሚጠይቅ ጥምዝ ክዳን ለወጡት፤ የውስጡን ሽፋንም ተዉት፤ ስለዚህ ያፈስ ነበር። እንግሊዞች እንዳለ ቀዱትና ጦርነቱ ሲያበቃ 21 ሚሊዮን ያህል ጀሪካን በአውሮፓ ተበትኖ ቀረ።

ወደ መንገዳችን እንመለስ። ከደጀን ዓባይ ድልድይ ድረስ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ሸለቆው ውስጥ ሙቀቱ የቤንዚኑን ትነት ያሳብጠውና ጀሪካኑ ሆዱን ይነፋል። ጎሃ ጽዮን ሲወጣ ብርዱ ያኮማትረዋል፤ የክዳኑ ጎሚኒ ካረጀ ያን ጊዜ ርጥብ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ሌሊት ርጥበቱ ወደ ጠብታ ይለወጣል፤ ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ሥር ይተኛል፤ ዝገቱም ከሥር ማዕዘኑ ይጀምራል። ግማሽ ጎደሎ ጀሪካን ከሙሉው ፈጥኖ የሚበላው ብዙ አየር ስለሚይዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ውስጥ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የመጣ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ሲጀመር ጉዳዩ ሌላ መልክ ያዘ፤ ኢታኖል ውኃ ይስባልና። እንዲህ ያለ ድብልቅ በብረት ዕቃ ለወራት ማስቀመጥ አልደግፍም።

የውጪው ዝገት የሚመጣው ከመፋተግ ነው። ጀሪካኑ በብረት መቀመጫው ላይ ሲንቀጠቀጥ ቀለሙ ይላጣል፤ ጭቃም ሥሩ ይጠቀጠቃል። የቆዩ ረዳቶች አሮጌ ካላማዳሪያ ቆርጠው በመሐሉ ያነጥፋሉ፤ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ጎማው ሥር ውኃ ስለሚቋጥር በክረምት በየጊዜው ማንሣትና ማድረቅ ያስፈልጋል፤ መቀመጫውም ውኃ የሚወርድበት ቀዳዳ ይኑረው። ቀለም የምትቀቡ ደግሞ ዝገቱን በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ አንሡ፤ መጀመሪያ አንቲረስት ቀቡ፤ ሲደርቅ ከላዩ ሁለት እጅ ቀለም። በዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ዝገቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም።

ውስጡን ለማጽዳት ጠጠር ከተው የሚያንቀጫቅጩ አሉ። ሽፋን የሌለው ጀሪካን ከሆነ ይሠራል፤ የተለበጠው ላይ ግን ጠጠሩ ደኅናውን ሽፋን ይሰብርና ፍርፋሪው ፊልትሮ ውስጥ ይገባል። በባትሪ አብርታችሁ ሳታዩ አትጀምሩ።

ሥሩ የተበሳውን ወደ በያጅ አትውሰዱት። ቤንዚን የነበረበት ባዶ ጀሪካን በትነት የተሞላ ነው፤ የብየዳ ብልጭታ ሲነካው ይፈነዳል። ታጥቧል፣ ከርሟል፣ አይሸትም ቢሏችሁም እምቢ በሉ፤ በመገጣጠሚያው ውስጥ የተደበቀ ጥቂት ቤንዚን እሳቱ ሲያሞቀው እንደገና ይተናል። ውኃ ወይም ጠላ ልያዝበት የሚል ሰው ቢጠይቃችሁም አትስጡ።