የመኪናን ኮምፒውተር ስለሚያስተካክሉ ሶፍትዌሮች አመራረጥ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የዕድራችን ዳኛ፣ የኮሚቴ አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እንዲሁም ልጆቻችን፤

ከሁሉ አስቀድመን በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩትን ወገኖቻችንን ነፍስ ይማር፣ ለቤተ ሰቦቻቸውም መጽናናቱን ይስጥልን እንላለን።

ዛሬ እንድንናገር የታዘዝነው ነገር ለዕድር ስብሰባ እንግዳ ይመስላል። ይኸውም መኪናቸውን በገዛ እጃቸው የሚጠግኑ አባሎቻችን የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያስተካክለውን ሶፍትዌር እንዴት እንደሚመርጡ ነው። «ዕድርና ኮምፒውተር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። እኛም መካኒክ አይደለንም፤ ዕድሜያችንን የጨረስነው በመዝገብ ቤት ወረቀት ስናገላብጥ ነው። ነገር ግን ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ነውና፣ የደረሰብንን ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት የዕድራችን ሚኒባስ ዳገት ላይ መድከም ጀመረች። ወደ እንጦጦ አቅጣጫ አስክሬን ይዘን ስንወጣ ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ ከኋላ ያለው ለቀስተኛ በጭስ ታፍኖ፣ እግረኛው ቀድሞን ይደርስ ነበር። ያን ጊዜ ከአንድ ጋራዥ የመጣ ወጣት ላፕቶፑን ይዞ፣ «ጌቶች፣ ሐሳብ አይግባችሁ፤ ኮምፒውተሯን አስተካክዬ ጉልበት እጨምርላታለሁ» አለን። የጠየቀው ዋጋ ሞተር አውርዶ ከማደስ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነበር። ብዙ ሳንጠይቅ ተስማማን። በውሉ ላይ ያለው ፊርማ የእኛ ነው፤ ዛሬም አንክድም።

ወጣቱ ገመዱን ከመሪው ሥር ሰክቶ አዲሱን ቅንብር ወደ ኮምፒውተሩ መጻፍ ጀመረ። ባትሪዋ ግን ያረጀች ነበረች። ቁልፉ ተከፍቶ ብዙ ሲቆይ ኀይሏ ወረደ፤ ጽሕፈቱም ግማሽ ላይ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ ሚኒባሷ ብንላት ብንሠራት አልነሣም አለች። «በል እንግዲያው የቀድሞውን መልስልን» ብንለው፣ ለካ የቀድሞውን ቀድቶ አላስቀመጠውም!

ሚኒባሷ አምስት ሳምንት ቆመች። በዚያ መካከል ሦስት ቀብር በኪራይ መኪና አስፈጸምን። አንዲት ባልቴት እናታችን፣ ወርኀዊ መዋጮዋን አንድም ቀን ያላጓደለች፣ የተከራየነው መኪና ዘግይቶ አስክሬኗ እስከ ከሰዓት በኋላ በደጅ ቆየ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

በመጨረሻ ከሌላ መኪና የተነሣ ኮምፒውተር ተገዝቶ፣ ከሚኒባሷ ቁልፍ ጋር እንዲተዋወቅ ተደርጎ ገባ። ተነሣች። ዳገት ላይ ግን ያው ድካም፣ ያው ጭስ! ወይ ጉድ አልን። ከዚያ የአንድ አባላችን ልጅ መጥቶ ከመሪው ሥር ጣት የምታክል መሣሪያ ሰካና በስልኩ ማንበብ ያዘ። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት የአየሩ ግፊት 75 ኪሎ ፓስካል ገደማ አሳየ። የአዲስ አበባ አየር ግፊት ራሱ ያን ያህል ነው። ዳገት ላይ ተረግጣ ስትሄድ ግን፣ ቱርቦ ያላት መኪና ግፊቱ ከዚያ በብዙ ከፍ ማለት ሲገባው፣ ጥቂት ነቅነቅ ብሎ ቀረ። ልጁም «አባቶቼ፣ ቱርቦው የገፋው አየር ሞተሩ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየፈሰሰ ነው» አለን። ኮፈኑ ተከፍቶ ሲታይ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደው የጎማ ቱቦ ከታች በኩል ተሰንጥቆ ተገኘ። ያ ሁሉ ወጪና ውርደት ለአንድ ቱቦ ነበር። አየር ለጎደለው ሞተር ተጨማሪ ነዳጅ ብንሰጠው ኖሮ ደግሞ ጭሱን ማብዛት ብቻ ነበር ትርፉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን እየጠየቅን፣ ከልጆቻችንም እየተማርን ቆየን። የተማርነውን እነሆ።

በድሮው መኪና ነዳጅና አየር የሚደባልቀው ካርቡራተር ነበር፤ በጠመዝማዛ ቢላ ይስተካከላል። ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠራው ኮምፒውተሩ ነው። የገባውን አየር፣ የሞተሩን ሙቀት፣ የእግራችንን አረጋገጥ፣ በቤንዚን መኪናም በጭስ ማውጫው ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ከየመለኪያው ይቀበላል። ከዚያ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚረጭና መቼ እንደሚቀጣጠል ይወስናል። የሚወስነውም ከሠንጠረዥ እያየ ነው። ሠንጠረዡ እኛ የመዝገብ ሰዎች እንደምናውቀው ዓይነት ነው። በአንድ በኩል የሞተሩ ዙር፣ በሌላ በኩል የተጫነበት ሸክም ተደርድሮ፣ መገናኛው ላይ «ይህን ያህል ስጥ» የሚል ቁጥር አለ። ኮምፒውተር ማስተካከል ማለት እነዚህን ቁጥሮች መለወጥ ማለት ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም።

ሶፍትዌሮቹም በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛው የሚያነብ ብቻ ነው። ከመሪው ሥር ባለው አሥራ ስድስት ቀዳዳ ባለው መሰኪያ ይገባል። ይህ መሰኪያና የንባቡ ሥርዓት በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ ለቤንዚን መኪና ከ2001፣ ለናፍጣ ከ2004 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ከስልክ ጋር የሚሠሩ ቶርክና ካር ስካነር የሚባሉ አሉ፤ ለፎርድና ለማዝዳ ፎርስካን አለ፤ የቶዮታ ፋብሪካ ራሱ ያዘጋጀው ቴክስትሪም ይባላል። ልብ በሉ፤ ለጃፓን ወይም ለዐረብ አገሮች ገበያ የተሠራ መኪና መሰኪያው ቢኖረውም ቋንቋው ሊለይ ስለሚችል፣ ተራው አንባቢ አላወቀውም ማለት መኪናው ተበላሸ ማለት አይደለም። የመኪናውን ዓይነት ለይቶ የሚያውቅ አንባቢ ይፈለግለታል።

ሁለተኛው የኮምፒውተሩን ሠንጠረዥ የሚለውጥ ነው። ለጀኔራል ሞተርስ፣ ለፎርድና ለክራይስለር በይበልጥ የሚታወቀው ኤች.ፒ. ቱነርስ ነው፤ ኢ.ኤፍ.አይ. ላይቭ የሚባለውም አለ። ለሱባሩ አክሰስፖርት አለ። በነፃ ከሚገኙት ደግሞ ሮምሬደርና ኢ.ሲ.ዩ. ፍላሽ ይጠቀሳሉ፤ እነሱም በአብዛኛው ለሱባሩ፣ ሁለተኛው ለአንዳንድ ሚትሱቢሺም ጭምር ናቸው። ከእነዚህ ስሞች እንደምታዩት ብዙዎቹ በእኛ ሰፈር ደጅ ለቆሙት ለነቪትዝና ለነኮሮላ ታስበው የተሠሩ አይደሉም።

ሦስተኛው የፋብሪካውን ኮምፒውተር ትቶ በምትኩ ሌላ ለሚያስገባ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ሜጋስኩርትና ከእሱ በኋላ የመጣው ስፒዱይኖ የዚህ ዓይነት ናቸው። ሁለቱም ቱነርስቱዲዮ በሚባለው ሶፍትዌር ይቀናበራሉ፤ እሱም በነፃ የሚገኝ ቀለል ያለ እትም አለው። አሮጌ ቮልስዋገን ይዞ ካርቡራተሩን በነዳጅ መርጫ ለመቀየር የሚመኝ ጎልማሳ ካለ፣ ጊዜና ትዕግሥት እስካለው ድረስ መንገዱ ይህ ነው። ለዕለት ሥራ የሚፈለግ መኪና ግን ለዚህ አይሆንም።

እንግዲህ ከነዚህ መካከል ለመምረጥ አምስት ጥያቄ እናቀርብላችኋለን።

1ኛ/ መኪናዬን ያውቃታል ወይ? «ቶዮታ ይሠራል» መባሉ ብቻ አይበቃም። በኮምፒውተሩ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ በውስጡም የቅንብሩ ቁጥር አለ። ሶፍትዌሩ ያንን ቁጥር በዝርዝሩ ውስጥ ካልያዘ ተዉት።

2ኛ/ የቀድሞውን ቀድቶ ያስቀምጣል ወይ? ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። አንዳንዱ መሣሪያ መጻፍ እንጂ ማንበብ አይችልም። እኛ በመዝገብ ቤት ሳለን ዋናው ሰነድ ሳይገለበጥ ብዕር አይነካውም ነበር። አለቃ ቢያዝም ግልባጩ በፋይል ከገባ በኋላ ነው። ይህንን ለሠላሳ ዓመት ለሰው ስናስተምር ኖረን በዕድሩ ሚኒባስ ላይ ረሳነው!

3ኛ/ ጽሕፈቱ ቢቋረጥ የሚያድንበት መንገድ አለው ወይ? ደኅነኛው ሶፍትዌር ካቆመበት ተነሥቶ የሚጠግንበት ዘዴ አለው። ያም ሆኖ ባትሪው ጤነኛ ይሁን፤ ኃይሉን ሳያወላውል የሚደግፍ ቻርጀር ይታሰርበት፤ የላፕቶፑም ባትሪ ሙሉ ይሁን፤ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት አይጀመር።

4ኛ/ የሠራነውን መዝግቦ ያሳየናል ወይ? ቁጥር ለውጦ ውጤቱን የማያሳይ ሶፍትዌር ዕውር መሪ ነው። ከለውጡ በፊትና በኋላ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ዓይነት ጭነት ተነድቶ መዝገቡ ይተያይ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ሦስት ነገር አንድ ላይ የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመ፣ የትኛው እንደጎዳ አያውቅም።

5ኛ/ ፈቃዱ ከማን ነው? ኤች.ፒ. ቱነርስ ለሚነካው መኪና ሁሉ ፈቃድ ያስገዛል፤ አክሰስፖርትም ከአንድ መኪና ጋር ከተጣመረ እስኪፈታ ድረስ ሌላውን አያገለግልም። ዋጋውን ስንሰማ ጊዜ የተሰረቀውን ቅጂ መመኘት ይመጣል። የተሰረቀ ቅጂ ግን ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ በአስመሳይ ገመድ መሥራት ደግሞ ግማሽ ላይ መቅረትን ያስከትላል፤ አቤት የሚባልበትም የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላል ያገራችን ሰው።

ወንድሞቻችን፣ ሶፍትዌር የማያደርገውንም ማወቅ ያሻል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ጉልበቱን በዚያው መጠን ይቀንሳል። ኮምፒውተሩ ይህን አስቀድሞ አውቆ ነዳጁን በልክ ይቀንሳል። የሌለውን አየር ግን በጽሕፈት ማምጣት አይቻልም። «የጅቡቲን ጉልበት አዲስ አበባ አመጣላችኋለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ላም አለኝ በሰማይ በሉት። እንዲሁም ከፍ ያለ ኦክቴን ላለው ቤንዚን የተጻፈ ቅንብር በተራ ቤንዚን ሲነዳ ሞተሩ ይንኳኳል፤ መንኳኳቱ ሲሰነብት ፒስተን ይበላል።

ሌላም አለ። ጭሱን የሚያጣራውን መሣሪያ በሶፍትዌር ማዘጋት ለአንዳንዱ ብልኀት ይመስለዋል። ቮልስዋገንን የመሰለ ታላቅ ኩባንያ፣ በምርመራ ጊዜ ብቻ ጭሱን የሚያሳንስ ሶፍትዌር በናፍጣ መኪኖቹ ውስጥ ማስገባቱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ተገለጠ። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ነበሩበት። ኩባንያው በብዙ ቢሊዮን ዶላር ተቀጣ። ያንን ጭስ የሚተነፍሰው ማን ነው? ከመኪናው ኋላ የሚሄደው ለቀስተኛ ነው፤ የእኛው ልጅ ነው።

ታዲያ ምክራችን ምንድን ነው? ከዚህ ጉባኤ መኪና ካላቸው መካከል የሚበዙት የሚያስፈልጋቸው የመጀመሪያው ዓይነት፣ የሚያነበው ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያ መብራቱ ሲበራ ቁጥሩን አንብቡ፣ ጻፉት፣ ከዚያ ቱቦውን፣ ፊልትሮውን፣ ካንዴላውን፣ የሽቦውን ማያያዣ ተመልከቱ። ቁጥሩን ማጥፋት ጥገና አይደለም፤ የትኩሳት መለኪያን ሰብሮ ታማሚው ዳነ እንደማለት ነው። ሞተሩ ጤነኛ መሆኑ በንባብ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ለመለወጥ በቂ ምክንያት ያለው ሰው ግን አምስቱን ጥያቄ ጠይቆ ሁለተኛውን ዓይነት ይምረጥ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ ደጃችን የቆመችው አሮጌ መኪና በቀላሉ የምትተካ አይደለችምና በጥንቃቄ እንያዛት።

ስለ ዕድራችን ሚኒባስም ለጉባኤው አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ማንም ሰው፣ እኛንም ጨምሮ፣ የንባቡ ውጤት በጽሑፍ ለኮሚቴው ሳይቀርብ ኮምፒውተሯን እንዳይነካ። የአሁኑ ቅንብር በሚያነብ ባለሙያ ተቀድቶ አንዱ ቅጂ በዕድሩ ጸሐፊ፣ ሌላው በገንዘብ ያዡ ዘንድ ይቀመጥ፤ በመዝገብም ቁጥር ይሰጠው። ይህ ቢጸድቅልን ያቺን እናታችንን በደጅ ያቆየንበትን ዕዳ በጥቂቱ የከፈልን ይመስለናል።

ፈጣሪ ሚኒባሷን ለሠርግ እንጂ ለለቅሶ የማንፈልግበትን ረጅም ጊዜ ይስጠን።