ሊማሊሞ በጠረጴዛ ላይ፦ መንገድን በትንሽ ልኬት ስለ መሥራት



ደባርቅ ሐዲድ የላትም። ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ተነሥቶ ስለ ባቡር ሞዴል ሠሪዎች ጥበብ የሚናገር ሰው እንግዲህ አስቀድሞ ምክንያቱን ማስረዳት ይገባዋል። በአውሮፓ ይህ ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሠሪዎቹ ባቡሩን አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ ይገዙታል፤ በዙሪያው ያለውን መንገድ፣ ቦዩንና የእግረኛውን መተላለፊያ ግን በእጃቸው ይሠሩታል። ስለዚህ አንድ ጎዳና በጠረጴዛ ላይ እውነተኛ መስሎ የሚታየው በምን እንደሆነ ደጋግመው አስበውበታል። እኛ ደግሞ እንዲህ ሊሠራ የሚገባው መንገድ በደጃችን አለን፤ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ከገደሉ ወገብ ተፈልፍሎ የወጣው ሊማሊሞ።

ከልኬቱ እንነሣ። ብዙዎቹ የሚመርጡት 1 ለ 87 ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ሲሆን፣ በዚህ ልኬት 12 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። 7 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ 8 ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣዋል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ነገር ግን መንገዱ ከደባርቅ አፋፍ ወደ ቆላው ሲወርድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ያቆለቁላል፤ ይህ በ1 ለ 87 ከ11 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ነው፤ አዳራሻችን አይችለውም። ተማሪዎቻችን ይህን ሲያዩ ወደ 1 ለ 1000 ይሸሻሉ። ተራራው አንድ ሜትር ያህል ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ መንገዱ ግን 7 ሚሊሜትር የሆነ ጥቁር ክር ይሆናል። እኔ ተራራውን ሁሉ ከማሳነስ አንዲት ጥምዝ ከግንቧና ከቦይዋ ጋር በትልቁ ብትሠራ እመርጣለሁ፤ ክር የሆነ መንገድ ምንም አያስተምርምና።

ስለ ቀለም ብዙ አልናገርም። የቆየ አስፋልት ጥቁር አይደለም፤ ፀሐይና አቧራ አመድማ ያደርጉታል። በሞዴል ላይ ደግሞ ከዚያም ፈዘዝ ማለት አለበት፤ ተመልካቹ የሚያየው ትንሽ ነገር በሩቅ እንዳለ ትልቅ ነገር ሊመስለው ይገባልና፣ ርቀት ደግሞ ቀለምን ያፈዝዛል። ለአስፋልት እንጨት የሚለሰልስበት የአሸዋ ወረቀት፣ ያውም እጅግ ደቃቁ፣ ይበቃል። ለጠጠር መንገድ ከራሱ ከቦታው አፈር የሚሻል የለም። አፈሩን በአሮጌ ምጣድ ላይ ማድረቅ፣ በስስ ጨርቅ መንፋት፣ ውሃ በተቀላቀለበት የእንጨት ኮላ ላይ መነስነስ ነው። ኮላው አፈሩን ስለሚያጠቁረው አስቀድሞ በቁራጭ ካርቶን ላይ መሞከር ግድ ነው። የከተማው ኮብልስቶን ጎኑ 10 ሴንቲሜትር ቢሆን በልኬቱ ከአንድ ሚሊሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ እርጥብ ጀሶ ላይ በእርሳስ ጫፍ ይጫናል እንጂ አንድ በአንድ አይቀረጽም።

ሰዎች ቀለሙን አሳምረው የሚስቱት ቅርጹን ነው። መንገድ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ውሃው ወደ ዳር እንዲወርድ መሐሉ ከፍ ይላል። ተዳፋቱ በመቶ ሁለት ተኩል ቢሆን፣ 7 ሜትር ስፋት ባለው መንገድ መሐሉ ከዳሩ 9 ሴንቲሜትር ገደማ ይበልጣል፤ በእኛ ልኬት አንድ ሚሊሜትር። አንድ ሚሊሜትር ምን ያደርጋል የምትሉ ካላችሁ፣ መብራቱን ከጎን አብሩት። ያለዚያች ሚሊሜትር መንገዱ የጠረጴዛ ልብስ ይመስላል። በሐምበርግ በሚገኘው ታላቁ የሞዴል ዓለም፣ በ1 ለ 87 የተሠሩ መኪኖች በአስፋልቱ ሥር የተቀበረ የብረት ሽቦ እየተከተሉ ይሄዳሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ቆመው የውሃውን መንገድ ሲያሳዩን ነው።

አሁን ሌላ ስሌት አብረን እንሥራ። 30 ዲግሪ ያዘነበለ ተራራ ላይ 7 ሜትር መንገድና 1 ሜትር ቦይ ሙሉ በሙሉ በመቁረጥ ብናወጣ፣ የተቆረጠውም አፈር በ45 ዲግሪ ቢቆም፣ ቁርጡ ከቦዩ በላይ ወደ 11 ሜትር የሚጠጋ አግድም ርቀት ይሄዳል። በካርታ 7 ሜትር የተባለው መንገድ 19 ሜትር ያህል ተራራ በላ ማለት ነው፤ በሞዴሉም 8 ሴንቲሜትሩ 22 ሆነ። ቋጥኝ ቢሆን ቁርጡ ቀጥ ብሎ ሊቆም ስለሚችል ያንሳል። ወደ ታች የሚደፋው አፈርና ድንጋይ ግን ገና አልተቆጠረም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ከደባርቅ በቡይት ራስ አድርጎ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጭንቅ የሚዘልቀው መንገድ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መካከል ያልፋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በዚያ ጊዜ ከተጠቀሱት እርምጃዎች አንዱ ፓርኩን የሚያቋርጠው ዋና መንገድ የሚያስከትለውን ረብሻ ለመቀነስ ተለዋጭ መንገድ መሠራቱ ነበር። እንዲህ ያለ ውሳኔ በሚመከርበት ጠረጴዛ ላይ ክር የሚመስል ሞዴል ቢቀርብ መንገዱ ቦታ የማይፈጅ ይመስላል። ቁርጡና ድፊቱ በልኬታቸው ቢሠሩ ግን የጭላዳው ግጦሽ የት እንደተቋረጠ ማንም ያየዋል።

የመጨረሻው ሥራ ዳሩ ነው። ከዳባት ወደ ደባርቅ በገበያ ቀን የመጣ ሰው፣ ከአስፋልቱ ጎን በእግርና በኮቴ የተደለደለ ሌላ መንገድ እንዳለ ያውቃል፤ የጫነች አህያ የምትመርጠው እርሱን ነው። ይህን መንገድ በእጅ አትሣሉት፤ ኮላው ሳይደርቅ ጣታችሁን እየጫናችሁ በአስፋልቱ ጎን ሂዱበት። እዚህ ፊት ለፊት ያለው ሞዴል ላይ በግራ በኩል ታዩታላችሁ። ቀርባችሁ ስትመለከቱ ከቦዩ ጀምሩ፤ መብራቱም በጎን በኩል ነው።