ማግኔት ካንሰርን ያሳያል ወይ?
(በካምፑ ሬዲዮ የተላለፈ የጤና ንግግር)

የዛሬው ዝግጅታችን ከአንዲት አድማጫችን በደረሰን ጥያቄ ላይ ነው። እኅታችን ጡቷ ላይ እባጭ አግኝታለች። ገበያ ላይ የማግኔት አምባር የሚሸጥ ሰው «ካንሰር ካለ ማግኔቱ ይስበዋል» ይላታል። ሌላው ደግሞ ውጭ አገር ሐኪሞች በማግኔት ካንሰርን ያያሉ ብሎ ነግሯታል። «የማንን ልመን?» ትላለች።

ሁለተኛው እውነት አለው። አምባሩ ግን ገንዘብ መልቀሚያ ነው። ካንሰር በማግኔት አይሳብም። በማግኔት የሚሳበው ሐኪሞቹ ራሳቸው ወደ ሰውነት የሚያስገቡት የብረት ቅንጣት ነው።

ቅንጣቱ የብረትና የኦክስጅን ውሁድ ነው፤ ከዝገት ብዙም አይርቅም። እጅግ ደቃቅ ከመሆኑ የተነሳ በአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ላይ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ይደረደራል። ሰውነት እንዲቀበለውና እንዳይጓጉል ስኳር መሰል ሽፋን ይደረግለታል።

ታዲያ እንዴት ያሳያል? ጉበታችንን እንውሰድ። ጉበት ውስጥ ቆሻሻ የሚለቅሙ ሕዋሳት አሉ። ቅንጣቱ በደም ሥር ሲሰጥ እነርሱ ይውጡታል። ኤምአርአይ በሚባለው ትልቅ የማግኔት መሣሪያ ሲታይ ጤነኛው ጉበት ይጠቁራል። ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ሕዋሳት ስለሌሉት ነጣ ብሎ ይለያል። ልብ በሉ፣ ብረቱን የያዘው ጤነኛው ክፍል ነው! እንዲህ ያለ መድኃኒት በ1996 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ ነበር፤ በኋላ ማምረቱ ቆሟል።

ለጡት ካንሰር ግን ዛሬም የሚሠራበት አለ። የጡት ካንሰር ሲዛመት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሰው ብብት ውስጥ ካሉት ንፍፊቶች ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቡናማ ፈሳሽ ጡት ላይ ይወጋል። ብረቱ ተጉዞ መጀመሪያ የሚያገኛቸው ንፍፊቶች ውስጥ ይቀመጣል። ሐኪሙ እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ መሣሪያ ብብት ላይ ሲያስጠጋ መሣሪያው ይጮኻል። እነዚያ ብቻ ወጥተው ይመረመራሉ። ንጹሕ ከሆኑ የቀሩት አይነኩም። ሁሉም ሲወጡ ክንድ ሊያብጥ ይችላል፤ ጄሪካንና እንጨት ለምትሸከም ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለዚሁ ሥራ የቆየው ዘዴ ቴክኒሺየም የተባለ ጨረር ያለው ንጥረ ነገር ነው። በየ6 ሰዓቱ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ ሩቅ ቦታ ማድረስ ያስቸግራል። ብረቱ ይህ ችግር የለበትም፤ አሜሪካም በ2018 እ.ኤ.አ. ፈቅዳዋለች። ጉድለትም አለው። ቆዳን ለወራት ሊያጠቁር፣ በኋላ የሚነሣ የኤምአርአይ ምስልም ሊያበላሽ ይችላል።

ይህ መርፌ ካምፑ ክሊኒክ ውስጥ እንደሌለ አንደብቃችሁም። ቢኖርም ንፍፊቱን ይጠቁማል እንጂ «ይህ ካንሰር ነው» አይልም። ያንን የሚለየው በመርፌ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ናሙና ነው።

ሪፈር ተጽፎላችሁ ለኤምአርአይ የምትሄዱ ደግሞ፣ ሰውነታችሁ ውስጥ ጥይት ወይም የቦምብ ፍንጣሪ ካለ፣ በተለይ ዓይን አካባቢ፣ ሳትገቡ ተናገሩ። «ወታደር ነበርክ ይሉኛል» ብሎ የሚደብቅ አለ። ጥያቄው የሚጠየቀው መሣሪያው ብረትን ከቦታው ሊያንቀሳቅስና ሊያሳውር ስለሚችል ነው።

እኅታችን፣ አብዛኛው የጡት እባጭ ካንሰር አይደለም። ቢሆንም እስኪያምሽ አትጠብቂ፤ የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ቆዳው ከተሰረጎደ፣ የጡትሽ ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ደም ከወጣው፣ ብብትሽም ካበጠ ለነርሷ አንድም ሳታስቀሪ ንገሪያት። ነገ ጠዋት ክሊኒክ ሂጂ፤ ወንድ እንዲያይሽ ካልፈለግሽ ሴት ነርስ ጠይቂ። ለአምባሩ ያሰብሽውን ብር ለመንገድ ያዢው።