ዣኮ፤ የአንዲት ደሴት ወፍ



ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ወፍ ነው። ነገሩ ከእኛ የራቀ ቢመስልም ፍጻሜው ወደ እኛው ስለሚመለስ ጥቂት ታገሡን።

በካሪቢያን ባሕር ሴንት ሉሲያ የምትባል፣ ስፋቷ ከ620 ካሬ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ተራራማ ደሴት አለች። በዚህች ደሴት ደን ካልሆነ በቀር በዓለም ላይ በየትም ዱር የማይገኝ በቀቀን ይኖርባታል። የአገሬው ሰው ዣኮ ይለዋል። ፊቱ ሰማያዊ፣ ክንፉና ጀርባው አረንጓዴ፣ ደረቱ ቀይ ነው። ጎጆ አይሠራም፤ በትልልቅ ዛፎች ግንድ ውስጥ በተፈጠረ ጎድጓዳ ስፍራ ይፈለፍላል። በአንድ ጊዜ የሚጥለውም እንቁላል ብዙውን ጊዜ ሁለት ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ያረጀ ዛፍ በተቆረጠ ቍጥር የአንድ ቤተሰብ ቤት ፈረሰ ማለት ነው።

ሰው ዣኮን ለሥጋው አደነው፤ እየያዘም ሸጠው፤ ደኑንም መነጠረው። በዚህም ምክንያት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቀረው ቍጥር ወደ 100 ገደማ እንደ ነበር ተገመተ።

በዚያን ጊዜ የደሴቲቱ የደን ሹም የነበሩት ጋብርኤል ቻርልስና ከእንግሊዝ አገር የመጣው ወጣት ፖል በትለር አንድ ነገር ተረዱ። ይኸውም ዘበኛ በየዛፉ ሥር ሊቆም እንደማይችልና ጠባቂው ሕዝቡ ራሱ መሆን እንዳለበት ነው። ስለዚህ የዣኮን ነገር ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ዘፈን አስገቡት። ደሴቲቱ ነፃ በወጣችበት በ1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ዣኮ ብሔራዊ ወፍ ተባለ። በማግሥቱ ዓመት ጠንካራ ሕግ ወጣ። ዛሬ ቍጥሩ ከ1,000 በላይ ሆኗል፤ ሆኖም ከአደጋ ፈጽሞ አልወጣም። አንድ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ብዙ ሊያጠፋ ይችላልና።

«ለተራበ ሰው ወፍ ምኑ ነው?» የሚለን አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም ይህ ነው፤ ዣኮ የሚኖርበት ደን የደሴቲቱ ወንዞች መነሻ ነው። ወፉን ያዳነ ገበሬ ውኃውንም አድኗል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ለዣኮ መዳን የተማረው ሰው ያደረገው ድርሻ ገበሬውን መውቀስ አልነበረም፤ የሚያውቀውን ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ መንገር ነበር። እኛስ በደብተራችን የሞላነውን ዕውቀት ለማን ነግረናል? በዚህ ላይ እንድንወያይ እንጠይቃለን።